የረጅም መንገድ ብልኃቱ ከመነሻው ቀን ነው

አንዲት እናት ለጥቂት ቀናት ከቤቷ ለመራቅ ስትነሣ ስንት ነገር እንደምታሰናዳ ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የልጆቹ ቁርስ፣ የትምህርት ቤቱ ልብስ፣ ለጎረቤት የሚሰጠው አደራ፣ ከመሥሪያ ቤት የሚጠየቀው ፈቃድ፣ ሁሉም ተራ በተራ ይታሰባል። ስንቁም ሻንጣውም ይዘጋጃል። አንድ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሳይታሰብበት ይቀራል፤ እርሱም የምንነሣበት ቀን ነው። ቀኑን የምንመርጠው እኛ ሳንሆን በዓሉ፣ ቅዳሜና እሑዱ፣ ወይም «ሰው ሁሉ የሚሄደው ያን ጊዜ ነው» የሚለው ወሬ ይመርጥልናል።

በዛሬው ዓምዳችን ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለዚሁ ነው። ነገሩን የተማርኩት ከታላቅ እህቴ ጋር በእግሬ ሄጄ፣ አንድ ጊዜ ተሳስቼ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ቀንቶኝ ነው።

እታለም የምትኖረው በአሜሪካ አገር፣ ከዋሽንግተን ከተማ አጠገብ በቨርጂኒያ ነው። በአንድ ሆስፒታል ውስጥ በነርስ ረዳትነት በፈረቃ ትሠራለች፤ የሁለት ልጆች እናት ናት። እኔና እርሷ ከተለያየን አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖን ነበር። በእነዚህ ዓመታት መካከል እናታችን ስታርፍ እታለም ለቀብሩ መድረስ አልቻለችም። በ2016 ዓ.ም. በግንቦት ወር ልጠይቃት በሄድኩ ጊዜ፣ በስልክ የማይነገር ብዙ ነገር በመካከላችን ተጠራቅሞ ይጠብቀን ነበር። ቤቱ ግን የልጆችና የሥራ ቤት ነው፤ አንዷ ከሌሊት ፈረቃ ስትገባ ሌላዋ ልጅ ትሸኛለች። ስለዚህ እታለም አንድ ሐሳብ አመጣች። «ገበያ ለገበያ ከምንዞር ሦስት ቀን በእግራችን እንሂድ። ልጆች ሆነን አያታችን ዘንድ ስንሄድ እንደምናወጋው እያወጋን እንሂድ» አለችኝ።

የምንሄድበትም መንገድ ሩቅ አልነበረም። የአፓላችያን የእግር መንገድ ይባላል። በምሥራቅ አሜሪካ በተራሮች አናት ላይ፣ በደቡብ ከጆርጂያ ስፕሪንገር ተራራ ተነሥቶ፣ 14 ክፍለ ግዛቶችን አቋርጦ፣ በሰሜን በሜይን ካታዲን ተራራ ላይ ያበቃል። ርዝመቱ ከ3,500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ጎንደር ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ ቢሄድ እንኳ ያን አይሞላለትም። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1921 ያቀረበው ቤንተን መካይ የተባለ የደን ባለሙያ ሲሆን፣ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር የተያያዘው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። መኪና አይሄድበትም። መንገደኛውን የሚመራው በዛፍና በድንጋይ ላይ የተቀባ ነጭ ምልክት ነው። በየአንድ ቀን መንገዱ ገደማ ሦስት ግድግዳና ጣሪያ ያለው፣ ፊቱ ክፍት የሆነ የእንጨት መጠለያ አለ።

ለእኛ ለደጋ ሰዎች የሚያስገርመው ደግሞ ከፍታው ነው። የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ ኩዎሂ የሚባለው ተራራ ሲሆን 2,025 ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ ዝቅ ይላል ማለት ነው። ይህን ስነግራት እታለም ስቃ «እንግዲያስ እኛ ተራራ ወጣን ሳይሆን ወረድን ነው የምንለው» አለች። ሆኖም የመውጣትና የመውረዱ ብዛት፣ የድንጋዩና የሙቀቱ ነገር ጉልበትን እንደሚፈትን በኋላ አይተነዋል።

የተሳሳተው ቀን

መጀመሪያ የተነሣነው ቅዳሜ ግንቦት 17 ቀን ነበር። ቀኑን የመረጥነው እታለም ሦስት ቀን ተከታታይ ዕረፍት ስላገኘች ነው። ለምን እንዳገኘች ግን አላሰብንበትም። ያ ሳምንት አሜሪካኖች በጦርነት የሞቱ ወታደሮቻቸውን የሚያስቡበት በዓል የሚውልበት ነበር። በዓሉ ሰኞ ስለሚውል ሠራተኛው ሁሉ ሦስት ቀን ያርፋል፤ የበጋው መግቢያ ስለሆነም ከቤቱ የማይወጣ የለም።

መነሻችን ሃርፐርስ ፌሪ የምትባለው ትንሽ ከተማ ነበረች። ከዋሽንግተን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ የፖቶማክና የሸናንዶዋ ወንዞች የሚገናኙባት፣ ጆን ብራውን እ.ኤ.አ. በ1859 ባርነትን ለማጥፋት የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤቱን የያዘባት ታሪካዊ ሥፍራ ናት። እኛ ስንደርስ የመኪና ማቆሚያው ሞልቶ ነበር። ቦታ ፍለጋ ስንዞር ጧቱ አለፈ። ወንዙን የሚያሻግረው የእግረኛ ድልድይ ላይ ሰው እንደ ገበያ ቀን ተሰልፏል። ከወንዙ ማዶ ያለውን ዳገት ስንወጣ ከፊታችን ሰው፣ ከኋላችን ሰው፣ በመካከላችንም ሬዲዮ የሚያስጮህ ወጣት ነበር። እኔና እታለም አንዲት ቃል ሳንነጋገር ማታ ሆነ።

መጠለያው ዘንድ ስንደርስ ቦታ አልነበረም። ዙሪያውን ድንኳን በድንኳን ሆኗል። ውሃው ከቁልቁለቱ በታች ስለሆነ ለመቅዳት ወረፋ፣ ለመጸዳጃውም ወረፋ ነበር። ድንኳናችንን በዘንበላ ላይ ተከልነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ታች ስንንሸራተት አደርን። ሲነጋ የእታለም ጉልበት አብጧል። እሑድ ጧት ተመለስን። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ካገኘናቸው ጥቂት ቀናት ሁለቱ እንዲህ ባከኑ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ምሳሌ ለእኛ የተነገረ መሰለኝ።

ሰው ለምን በአንድ ቀን ይነሣል?

ቤት ከገባን በኋላ ነገሩን መጠየቅና ማንበብ ጀመርኩ። ለካ በዚህ መንገድ ላይ የመነሻ ቀን ራሱን የቻለ ትልቅ ጥያቄ ነው። በየዓመቱ ከ3,000 የሚበልጡ ሰዎች መንገዱን በአንድ ወቅት ከዳር እስከ ዳር ለመጨረስ ይነሣሉ። የሚጨርሱት ከአራቱ አንዱ ያህል ብቻ ናቸው። ጉዞው ከአምስት እስከ ሰባት ወር ይፈጃል። ታዲያ የሚበዙት የሚነሡት በደቡብ ከጆርጂያ፣ በማርች ወርና በኤፕሪል አጋማሽ መካከል ነው። በተለይም እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን፣ የጸደይ መግቢያ ቀን፣ ኤፕሪል 1 ቀንና ማንኛውም ቅዳሜና እሑድ ሕዝብ ይጎርፋል። ቀኖቹ ለጉዞው አንድም የተለየ ጥቅም የላቸውም፤ ለማስታወስ የተመቹ ብቻ ናቸው።

በአንድ ቀን የተነሣ ሕዝብ ደግሞ ወዲያው አይበታተንም። ሁሉም በየቀኑ ተመሳሳይ ርቀት ስለሚሄድ በየመጠለያው ይገናኛል። መንገዱ ይሰፋል፤ ሣሩ ይረገጣል፤ ምንጩ ይደፈርሳል። ከሁሉ የከፋው በሽታ ነው። ኖሮቫይረስ የሚባለው፣ የሚያስመልስና የሚያስቀምጥ ተላላፊ በሽታ በተጨናነቀ መጠለያ ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛመታል። በእጅ ላይ የሚቀባው አልኮል ይህን በሽታ በሚገባ አያጠፋውም፤ የሚያዋጣው እንደ ቤታችን በሳሙናና በውሃ መታጠብ ነው። መንገዱን የሚጠብቀው ድርጅት መንገደኞች የሚነሡበትን ቀን አስቀድመው እንዲያስመዘግቡ ያበረታታል። ግዴታ አይደለም፤ ሆኖም እያንዳንዱ ሰው በመረጠው ቀን ስንት ሰው እንደተመዘገበ አይቶ ቀኑን መለወጥ ይችላል።

«እንግዲያው ቀደም ብሎ ወይም ዘግይቶ መነሣት ነዋ!» ትሉ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። በፌብሩዋሪ የሚነሣ ሰው መጠለያውን ባዶ ያገኘዋል፤ ነገር ግን በደቡቡ ተራሮች ላይ በረዶ ይጠብቀዋል፤ ከባድ ልብስና ብዙ ስንቅ ይሸከማል። ዘግይቶ የሚነሣም በሌላ በኩል ይያዛል። የካታዲን ተራራ የሚገኝበት ፓርክ ከኦክቶበር 15 በኋላ ማደሪያዎቹን ይዘጋል፤ የአየሩ ጠባይ ሲከፋም መውጫውን ይከለክላል። እስቲ በእናት ቤት ሒሳብ እናስበው። ማርች 20 ቀን የተነሣ ሰው እስከ ኦክቶበር 15 ድረስ 209 ቀን አለው፤ ዕረፍቱን ጨምሮ በቀን በአማካይ 17 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ይደርሳል። ሜይ 1 ቀን የተነሣ ግን 167 ቀን ብቻ ነው ያለው፤ በቀን 21 ኪሎ ሜትር መሄድ አለበት። ከሕዝቡ የሸሸባትን ዋጋ በየቀኑ በአራት ኪሎ ሜትር ይከፍላታል ማለት ነው።

ሦስተኛም መንገድ አለ። አንዳንዶች በኤፕሪል መጨረሻ ወይም በሜይ ከመንገዱ መካከል፣ ከሃርፐርስ ፌሪ ይነሣሉ። ወደ ሰሜን ሄደው ካታዲን ይደርሳሉ። ከዚያ በመኪና ወደ ሃርፐርስ ፌሪ ተመልሰው የቀረውን የደቡብ ግማሽ በመከር ይጨርሳሉ። በዚህ ዓይነት ከሕዝቡም ከብርዱም ያመልጣሉ፤ የመዝጊያው ቀንም አያስጨንቃቸውም። የሚቀርባቸው ነገር ቢኖር በመጨረሻው ተራራ አናት ላይ «ፈጸምኩ» የማለቱ ደስታ ነው።

አሥራ አንድ ልጅ ያሳደጉት መንገደኛ

ስለዚህ መንገድ ሲነሣ የአንዲት እናት ታሪክ ሳይነገር አይታለፍም። ወይዘሮ ኤማ ጌትውድ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት ገጠር የኖሩ፣ አሥራ አንድ ልጆች ወልደው ያሳደጉ ሴት ነበሩ። ትዳራቸው የዱላ ትዳር ስለነበር በመጨረሻ ተፋትተዋል። ልጆቻቸው ሁሉ አድገው ከቤት ሲወጡ፣ ስለዚህ መንገድ በአንድ መጽሔት ያነበቡትን አስታውሰው ተነሡ።

የመጀመሪያው ሙከራቸው በ1946 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ነበር። የጀመሩት ከሰሜን፣ ከካታዲን ነው። ያ በኩል ጭር ያለ ነው፤ የሚጠይቁት ሰው አልነበረም። መንገድ ሳቱ፤ መነጽራቸውም ተሰበረ። የፓርኩ ጠባቂዎች አግኝተዋቸው ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ መከሯቸው። እርሳቸውም ተመለሱ፤ ሐሳባቸውን ግን አልተዉም። በዓመቱ ቀኑንም መነሻውንም ለውጠው፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1947 ዓ.ም. በደቡብ ከጆርጂያ ተነሡ። ለልጆቻቸው የነገሯቸው «ልዘዋወር ነው» ብለው ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 67 ዓመት ነው። በእግራቸው ተራ የሸራ ጫማ፣ በትከሻቸው ራሳቸው የሰፉት ከረጢት፣ ለዝናብ መከላከያ ደግሞ የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ ይዘው ነበር። መስከረም 14 ቀን 1948 ዓ.ም. ካታዲን ተራራ አናት ላይ ደረሱ። መንገዱን በአንድ ወቅት ብቻዋን የጨረሰች የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ከዚያም በኋላ ሁለት ጊዜ ደግመውታል።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ጽናትን ብቻ አይደለም። ወይዘሮዋ በመጀመሪያው ጊዜ ጉልበት አልጎደላቸውም ነበር። ያልተስማማቸው መነሻው ነው። ሕዝብ የሚበዛበት ቀን ክፉ ነው፤ ጭራሽ ሰው የማይገኝበትም ለብቻ ሴት ክፉ ነው። ደኅናው በሁለቱ መካከል ያለው ነው።

የተስተካከለው ቀን

እታለም ጉልበቷ ሲሻላት ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ፈረቃ ተቀያየረች። የቅዳሜና የእሑድ ሌሊት ሠርታ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስን ነፃ አደረገች። ግንቦት 27 ቀን ማክሰኞ ማለዳ የመጀመሪያ ልጇ በመኪና አድርሶን ሄደ።

ያው ድልድይ፣ ያው ዳገት ነበር፤ ግን ሌላ አገር መሰለኝ። ድልድዩን የተሻገርነው ሁለታችን ብቻ ነን። የወንዙ ድምፅ ይሰማል። ከዳገቱ ራስ ካለው ቋጥኝ ላይ ተቀምጠን የፖቶማክን ውሃ እያየን በሶ በጠበጥን፤ እታለም ከሐበሻ ሱቅ ገዝታ ቆሎም ጭኮም ይዛ ነበር። ቀላል፣ የማይበላሽና ሆድ የሚይዝ ስንቅ ስለሆነ ከዚያ አገር ደረቅ ምግብ ሁሉ የሚሻለው የእኛው ሆኖ አገኘሁት።

ከሰዓት በኋላ በጫካው መካከል አንድ ትልቅ የድንጋይ ቅስት ደረስን። ጆርጅ አልፍሬድ ታውንሴንድ የተባለ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1896 ያሠራው የጦር ሜዳ ዘጋቢዎች መታሰቢያ ነው፤ ቁመቱ 15 ሜትር ይሆናል። የሙያዬ ነገር ሆኖ ብዙ ቆሜ አየሁት። ባለፈው ጊዜ በጊዜ ብንነሣና መንገዱ ባይጨናነቅ ኖሮ እዚህ እንደርስ ነበር።

ከዚያ አለፍ ብሎ ባለው መጠለያ ያደርነው አራት ሆነን ነው። አንዷ ጡረታ የወጣች መምህርት ነበረች፤ ከጆርጂያ የተነሣችው በፌብሩዋሪ መጨረሻ፣ ከሕዝቡ ለመቅደም ብላ ነው። «ሦስት ሳምንት ብርድ ቻልኩ፤ ከዚያ በኋላ ግን በየመጠለያው ቦታ አገኘሁ። አንድ ቀን ስወድቅ ግን እስኪመሽ የሚያነሣኝ አላገኘሁም» አለችን። ክንዷ ላይ ጠባሳ ነበራት። ብርዱን ስታወራ ፈገግ ትላለች፤ ስለ መውደቋ ስታወራ ግን ድምፅዋ ዝቅ አለ።

በማግስቱ ጧት፣ በጥላው መካከል ስንሄድ፣ ከፊታችንም ከኋላችንም ሰው አልነበረም። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለን ሄድን። ከዚያ እታለም ወደ እኔ ሳትዞር «እናታችን በመጨረሻዋ ሌሊት ምን አለች?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ሁሉንም ነገርኳት። ስሟን ጠርታ እንደነበር፣ የላከችላትን ነጠላ ለብሳ እንዳረፈች ነገርኳት። እታለም ሻንጣዋን ሳታወርድ አንድ የወደቀ ግንድ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። የምታልፍ ወፍ እንጂ የሚያልፍ ሰው አልነበረም። ያን ለቅሶ በዚያ ቅዳሜ፣ በዚያ ሰልፍ መካከል የት አድርገን እናለቅሰው ነበር?

ረቡዕ ማታ ያደርንበት ሥፍራ ሞቅ ያለ ውሃ ያለው መታጠቢያ ነበረው፤ ወረፋ አልጠበቅንም። ሐሙስ የቦንስቦሮ መንደር ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1827 ለጆርጅ ዋሽንግተን የሠሩትን የድንጋይ ግንብ አየን። ቀጥሎም አናፖሊስ ሮክ የሚባለው ቋጥኝ ላይ ወጣን። ቅዳሜ ቢሆን መቆሚያ የማይገኝበት ቦታ ነው ይላሉ፤ እኛ ግን ከሁለት ወጣቶች በቀር ማንንም አላገኘንም። ከዚያ ወደ መኪናው መንገድ ተመለስን። በሦስቱ ቀናት የሄድነው 40 ኪሎ ሜትር ግድም ነው።

ለእናንተ የሚበጀው

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ሁላችን አሜሪካ ሄደን ተራራ አንወጣም። ነገር ግን የበዓል ዋዜማ በአውቶቡስ ተራ ሕፃን አዝላ የቆመች እናት ይህን ነገር ሳይነግሯት ታውቀዋለች። እሑድ ረፋድ ላይ ልጆቿን ይዛ እንጦጦ የወጣችም ታውቀዋለች። ስለዚህ ለረጅም መንገድም ሆነ ለአንድ ቀን ሽርሽር ስትነሡ የሚከተለውን ብታስቡበት መልካም ነው።

በመጀመሪያ፣ ዕረፍት ያገኛችሁበትን ምክንያት ጠይቁ። እናንተ ያረፋችሁት ሰው ሁሉ ስላረፈ ከሆነ፣ መንገዱም የሁሉ ነው። ከባልደረባ ጋር ተራ ተቀያይሮ በሳምንቱ መካከል አንድ ቀን ማግኘት ከተቻለ ከሦስት የበዓል ቀናት ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ቀኑን መለወጥ ካልተቻለ ሰዓቱን ለውጡ። ጎሕ ሲቀድ የተነሣ ሰው በዚያው ቀን ውስጥ የራሱ የሆነ ሌላ ቀን ያገኛል።

ሦስተኛ፣ ከመድረሻው ወደ ኋላ ቁጠሩ። መጨረሻው የሚዘጋበትን፣ ዝናቡ የሚጀምርበትን፣ ትምህርት ቤት የሚከፈትበትን ቀን ያዙና በቀን ስንት መሄድ እንደምትችሉ በእውነተኛው ጉልበታችሁ አስሉ፤ መነሻው ራሱ ይወጣል።

አራተኛ፣ ጭር ያለውን ቀን ከመረጣችሁ ብቻችሁን አትሂዱ። የት እንደምታድሩና መቼ እንደምትመለሱ በቤት ለቀረው ሰው ጽፋችሁ ስጡ። ሳሙናም አትርሱ። በሣር መካከል ከሄዳችሁ ማታ ማታ የልጆቻችሁን ገላ መዥገር እንዳይኖርበት መርምሩ።

እኔ ወደ አገሬ ስመለስ እታለም እስከ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኘችኝ። «ደግሞ የምትመጪበትን ቀን ግን እኔ ነኝ የምመርጠው» አለችኝ። የቀን መቁጠሪያ በእጇ ይዛ ነበር፤ በዓላቱን ሁሉ በቀይ ሰርዛቸዋለች።

የሳምንት ሰው ይበለን።